ቡዳ ዱባ አይበላም

«ዱባዬን ቡዳ በላብኝ» ይላሉ እትዬ፣ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ቅርጫታቸውን በጉልበታቸው አስደግፈው። «ጠዋት አበባው እንደ ጉድ ይፈካል፤ በማግስቱ መሬት ላይ ተዘርሮ አገኘዋለሁ። ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

እትዬ፣ ቡዳ ዱባ አይበላም። ቡዳ የሚባለውም ቢሆን የሚታማው በሰው ነው እንጂ ለቅጠላ ቅጠል ስሙን አያጠፋም። ያ የረገፈው የዱባዎ ወንድ ነው። ሥራውን ጨርሶ ነው የወደቀው። ወንድ ሥራውን ጨርሶ ሲወድቅ አይተው ስለማያውቁ ግራ ቢገባዎ አልፈርድብዎትም።

ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንድ አበባም ሴት አበባም ያወጣል። ቀድመው ብቅ የሚሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ድግሱ ሳይደርስ ዳስ ውስጥ ተኮልኩለው ጠላ የሚጠብቁትን ያውቋቸው የለ? እነሱ ናቸው። ለመለየት ሊቅ መሆን አያሻም፤ አበባውን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ይመልከቱ። በቀጭን ዘንግ ላይ ባዶውን የቆመው ወንዱ ነው። ከአንገቷ ሥር አውራ ጣት የምታህል ድቡልቡል ይዛ የመጣችው ደግሞ ሴቷ ናት፤ ዱባው ገና አበባው ሳይከፈት ተሠርቶ እዚያ ቁጭ ብሏል። ያቺ ድቡልቡል ቢጫ ሆና፣ ለስልሳ ከረገፈች ያን ጊዜ ያልቅሱ። ሙሽራው አልደረሰም ማለት ነው።

«ለምን አይደርስም? እዚያው አጠገቧ አይደል?»

አጠገቧ ሆኖም እግር የለውማ! ወንዱ አበባ የሚያወጣው ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይሸከመውም፤ የሚሸከመው ንብ ነው። አበባው ደግሞ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይከደናል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያንኳኩ የሚከፍት የለም። ያቺን ጠዋት ዝናብ ከዋለባት ወይም ንብ ከሰፈሩ ከጠፋች ጋብቻው ፈረሰ። መላው ግን ቀላል ነው። ማልደው ወንዱን ቀንጥሰው፣ ዙሪያውን ያለውን ቢጫ ቅጠል ገሽልጠው፣ መሃሉ ላይ የቀረውን ዱቄታም ጉጥ በሴቷ መሃል ቀባ ቀባ ያድርጉት።

«በዚህ ዕድሜዬ አበባ ላጋባ?»

ምነው እትዬ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያጋቡት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ካጋቧቸው ግማሾቹ ተፋተዋል፤ ዱባ ግን አይፋታም።

አጠገባቸው ሽንኩርት የሚመዝኑ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አበባ ሴትና ወንድ አለው እያልክ በአደባባይ ነውር አታውራ።»

አባቴ፣ ነውር ነው ለማለት እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። ካሜራሪዩስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1694 ዕፅዋትም ወንዴና ሴቴ እንዳላቸው በሙከራ አሳይቶ ጻፈ፤ ወንዴውን ሲያስወግድ ሴቴዋ የሚበቅል ዘር አልሰጥ አለች። ቆይቶም ስዊድናዊው ሊኒየስ ተነሣና ዕፅዋትን በወንዴና በሴቴ ክፍሎቻቸው ቁጥር መደባቸው፤ ሲያብራራም ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ መኝታ ቤት እያወራ ነበር። ይህን የሰማ ሴንት ፒተርስበርግ የተቀመጠ ሲገስቤክ የሚባል ምሁር ቱግ አለ፤ ፈጣሪ በዕፅዋት መሃል እንዲህ ያለ ዝሙት አይፈቅድም ብሎ ተከራከረ። ዛሬ የሰውዬው ስም ከዚህ ክርክር ሌላ የሚነሣው በአንድ ነገር ነው፤ ሊኒየስ ስሙን ለአንድ ትንሽ፣ ልብስ ላይ ለሚጣበቅ አረም ሰጥቶታል። ለሌላው ሐውልት ይቆምለታል፤ ለእሱ አረም በቀለለት።

«እኔንስ በምን ትጠሩኝ ይሆን?» አሉ አዛውንቱ።

በሽንኩርትዎ ነዋ፤ ሚዛንዎን ያየ ሁሉ ያለቅሳል።

ከዓባይ ሸለቆ በኩል ከቆላው የወጣ በቆሎ ሻጭ ደግሞ የራሱን አቤቱታ ይዞ ቆሟል። «የዘንድሮ በቆሎዬ ጥርሰ ወላቃ ሆነብኝ። ዘሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ነው ጉድ የሠራኝ።»

አያ፣ እሸቱን ስትልጥ ጫፉ ላይ ተጎፍሮ የምታገኘው ፀጉር ለጌጥ የተሰጠው መሰለህ? እያንዳንዷ ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘች ናት። አናቱ ላይ የተንዠረገገው አበባ ወንዱ ነው፤ ዱቄቱን ለነፋስ ይሰጣል። ከዱቄቱ አንዷ ቅንጣት ክሯ ላይ ታርፍና ቀጭን ቧንቧ አብቅላ በክሯ ውስጥ ቁልቁል እስከ ቆረቆንዳው ትወርዳለች። ክሯ ስንዝር ከሆነች ስንዝሩን ሙሉ ትሄዳለች፤ በዓይን በጭንቅ ለምትታይ ነገር ስንዝር ረጅም መንገድ ነው። የደረሰላት ክር ፍሬ ታወጣለች፤ ያልደረሰላት ባዶ ድድ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ አንድ የጎደለ ጥርስ አንዲት ያላገባች ክር ናት። ዱቄቱ በሚበንባቸው ቀናት ፀሐይ ካከረረች ክሩ ይደርቃል። በቆሎህን በአንድ ረድፍ ብቻ አጥር ዳር ከዘራኸውም ነፋሱ ዱቄቱን ወስዶ ጎረቤትህ ማሳ ላይ ያራግፈዋል።

«እና ልጆቼ ጎረቤት ቤት ናቸው እያልከኝ ነው?»

እኔ አልወጣኝም። የምናወራው ስለ በቆሎ ነው።

ወደ ኑግና ጤፍ ስንመጣ ወሬው ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ማሳ ዳርና ዳር ይውላሉ፤ ትዳር ላይ ግን እንደነሱ የተራራቀ የለም።

ኑግ የባላገር ጨዋ ነው። ደገኛው ልጁን ሊድር ሲነሣ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘመድ አለመሆናቸውን ያረጋግጣል። ኑግ ይብሳል፤ ከራሱም ጋር አይጋባም። የአንድ ተክል ዱቄት ከራሱ ሴቴ ላይ ቢያርፍ ይታወቅበታል፤ በሩ ይዘጋበታል፣ ዱቄቱም ሥር አይሰድም። ከሌላ ተክል ተነሥቶ የመጣ መሆን አለበት፤ አምጪዋም ንብና መሰሎቿ ናቸው።

መስከረም አጋማሽ አልፎ ማሳው ቢጫ ሲለብስ አንድ የኑግ አበባ ቀጥፈህ ወደ ዓይንህ አስጠጋው። አንድ አበባ የመሰለህ አንድ አይደለም። ዙሪያውን እንደ ቢጫ ቅጠል የተዘረጉት፣ ብዙውን ጊዜ 8 የሚሆኑት፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሃል ላይ የታጨቁት ጥቃቅን ቱቦዎች ደግሞ ከ40 እስከ 60 ይደርሳሉ፤ እነሱም እያንዳንዳቸው አበባ። የሚከፈቱት ከዳር ወደ መሃል በየተራ ነው። ቱቦዋ በመጀመሪያ ወንድ ናት፤ ውስጧ ያለው ዘንግ ዱቄቱን እየገፋ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ዱቄቱ ከወጣ በኋላ ያው ዘንግ ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቆ ክንዱን ሲዘረጋ ሴት ሆነች። ቀድማ ሙሽራ፣ ቀጥላ ሙሽሪት። ይህን ሁሉ የሚሠራው እኛ ቆልተን ወቅጠን «ልጥልጥ አዘጋጂ» የምንለው ኑግ ነው።

«ንቧን ግን ምን አገባት?» ይላል በቆሎ ሻጩ።

ምንም አላገባትም። ደላላ ናት፤ ኮሚሽኗን በወለላ ትቀበላለች። ከከተማ ደላላ የምትለየው አንድ ሥራ ከጀመረች ወደ ሌላ ባለመዝለሏ ነው። በአንድ ጉዞዋ ኑግ ላይ ከወረደች አብዛኛውን ጊዜ ኑግ ለኑግ ስትል ትመለሳለች፤ አጥሩ ዳር ያለው አደይ ቢጣራም ጆሮ አትሰጠው። ቢጫ ለቢጫ ቢመሳሰሉም የአደይ ዱቄት ለኑግ ሴት ምንም አይፈይድላትም። አንተ ለአንዲት ልጅ ሽማግሌ ልከህ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ የሌላ ቤት ድግስ አይተው ሲገቡ ምን እንደሚሰማህ ታውቃለህ።

ጤፍ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሙሽራውም፣ ሙሽሪትም፣ ሚዜውም፣ ሽማግሌውም ራሱ ነው። በአንዲት የጤፍ አበባ ውስጥ 3 ወንዴዎችና ላባ የመሰለች ሴቴ አብረው ይኖራሉ፤ አበባዋ በወጉ ሳትከፈት ነገሩ ያልቃል። ንብ አይጠራም፣ ነፋስ አይለመንም፣ ጠላ አይጠመቅም። ስንዴውም ገብሱም በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ነው የሚድሩት፤ የጤፍ ንፍገት ግን በዛ።

ለገበሬው ግን ይህ ንፍገት በረከት ነው፤ ዘሩ በቀላሉ አይበረዝም፣ ነጩ ነጭ፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይኖራል። ሰርገኛ እያልክ የምትገዛው ጤፍ ነጭና ቀይ ማሳ ላይ ተዋድደው የወለዱት አይደለም፤ ነጋዴው በአንድ ጆንያ ያጋባቸው ነው።

ለተመራማሪው ደግሞ ራስ ምታት ነበር። ምርታማውን ከነጩ ላዳቅል ቢል በየት በር ይግባ? አበባዋ ከማነሷ የተነሣ በዓይን አትጨበጥም፤ ስትከፈትም ያያት የለም። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ የጤፍ ማሻሻል ማለት ካለው መርጦ ማባዛት ብቻ ነበር። ታረቀ በርሄ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ግን ማልዶ ተነሣ። የጤፍ አበባ ጠዋት ከ12:45 እስከ 1:30 ባለው ጊዜ እንደምትከፈት ደረሰበትና እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተመው። ሦስት ሩብ ሰዓት! ሀገሩ በሙሉ ስንት ዘመን እንጀራውን ሲጠቀልል ኖሮ፣ ጤፍ በሩን የሚከፍትበትን ሰዓት የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ በማጉያ መነጽር እያዩ ወንዴዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ የሌላውን ዱቄት ማድረግ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀውና ስሙ የገነነው ቁንጮ ጤፍ የዚያ ማልዶ መነሣት ልጅ ነው፤ አንደኛው ወላጁ በምርቱ፣ ሌላኛው በንጣቱ የተመረጡ።

«ለጤፍ ብሎ በ12:45 የሚነሣ ሰው አለ?» አለኝ አንድ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዓይኑን እያሸ።

ነበር። አንተ የ2 ሰዓቱን ክፍል ስላልደረስክበት ነው ያልተዋወቃችሁ።

ተማሪው በዋዛ አይሸነፍም። «ሰርጉን ነገርከን፤ ጫጉላውስ?»

ጫጉላው ላይ አባባ ሽንኩርትን ከዚህ አርቁልኝ፤ ሙሽራው ሁለት ነው። ከዱቄቱ ቅንጣት የበቀለው ቧንቧ ወደ ማህፀኗ ሲወርድ ሁለት የወንድ ሕዋሶች ይዞ ነው። አንደኛው ከእንቁላሏ ጋር ተዋህዶ ፅንስ ይሆናል። ሁለተኛው ባዶ እጁን አይመለስም፤ እዚያው ከሚጠብቁት ሁለት የእናት ኑክሌሶች ጋር ተቀላቅሎ የፅንሱ ስንቅ ይሆናል። ከአባት አንድ እጅ፣ ከእናት ሁለት እጅ፤ መዋጮው እንኳ እንደ ቤታችን ነው። ይህን ጉድ እ.ኤ.አ. በ1898 ይፋ ያደረገው ኪየቭ ይሠራ የነበረው ሰርጌይ ናቫሺን ነው። ስንዴ ስትፈጭ ነጭ ዱቄት ሆኖ የሚወጣው ያ ስንቅ ነው፤ የበቆሎው ቂጣ፣ የጤፉ እንጀራ፣ የገብሱ በሶ አብዛኛው እሱ ነው። ገና ላልበቀለ ልጅ እናቱ የቋጠረችለትን ነው በወጥ የምንበላው። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ እዚህ ሰርግ ላይ አልተጠራም፤ አበባ የሚባል የለውምና ዘሩን የሚያለብሰው ማህፀንም የለውም።

ከገበያው ወጥተህ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ በድሮ ስሙ ደንቆሮ ጫካ፣ ሽቅብ ብትል ደግሞ ሌላ ዓይነት ትዳር ታያለህ። ኮሶ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ አይኖሩም። ወንዴው አንድ ዛፍ፣ ሴቴዋ ሌላ ዛፍ። ሁለቱም ዘለላ ዘለላ ሆኖ የተንጠለጠለ አበባ ያወጣሉ፤ ወደ ቀይ የሚያደላው የሴቷ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ኮሶ ሲታገላቸው ለቅመው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው የጠጡት ይህንኑ የሴቷን አበባ ነው።

«መድኃኒቱ ከሴቷ ከሆነ ወንዱ ምን ይሠራል?» ትላለች አንዷ።

ዱቄቱን ይበትንና ቆሞ ያያል። ባለቤትሽን ታውቂው የለ።

ግን አትናቂው፤ እሱን ለጣውላ የቆረጠ ሰው እሷንም መሃን አድርጎ ነው የሄደው። ብቻዋን የቀረች ሴቴ ኮሶ በየዓመቱ ታብባለች፣ ዘር የላትም። ስሟን እንኳ አልተውላትም፤ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለእንግሊዛዊው ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ አደረጋት። ያ ስም አልጸና ሲል በሳይንሱ መዝገብ ሃጌን በሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ተጠራች። ስሙን ለፈረንጅ፣ ምሬቱን ለእኛ።

ጅብራስ? «እንደ ጅብራ ተገትረህ» እያልክ ሰው የምትሰድብ ሁሉ፣ ጅብራ የቆመው ሥራ ፈትቶ አይደለም። በውርጩ አናት ላይ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን እያበዛ ስንቅ ያጠራቅማል። ቀኑ ሲደርስ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ ይተክላል፤ ወለላ የሚመጥጡ ወፎች ይሰበሰቡበታል፤ ዘሩን ይበትናል፤ ይሞታል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው የሚያብበው። አንድ ወንደላጤ ወዳጄ «ለምን አታገባም?» ሲባል «እንደ ጅብራ እየተዘጋጀሁ ነው» ይላል። ተዘጋጅ ወንድሜ፤ ከሰርጉ በኋላ የሚከተለውን ግን አትርሳ።

ይህን ሁሉ ስንቀባጥር ጥግ ላይ ቆሞ የሚሰማ አንድ ገበሬ ነበር። «ዘንድሮ ኑጌ አበባው ሞልቶ ፍሬው ገለባ ሆነ» አለ። «ዝናቡ ነው።»

አያ፣ ዝናቡ የስንታችንን ይሸከም? ኑግህ በፈካበት ሰሞን፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መርጫህን በጀርባህ አዝለህ የት ነበርክ?

«አተሬ ላይ ክሽክሽ ወጥቶበት ነዋ! አተሩ ከኑጉ ዳር ነው። የረጨሁት ፀረ ተባይ ነው፤ ፀረ ንብ አልረጨሁም።»

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ንብ አታነብም። አንተም አላነበብከውም። ረፋድ 4 ሰዓት ንብ ሥራ ላይ የምትሆንበት ሰዓት ነው፤ መርዙ ያገኛት አበባው ላይ ሆና ነው። እዚያው ካልወደቀች ዱቄቱን ከነመርዙ ይዛ ወደ ቀፎዋ ትገባና ለቀፎው ልጆች ታካፍላለች። ፀረ አረም ብትረጭም ነፃ አትወጣም፤ በማሳህ ዳር ያለውን መጭና አደይ አድርቀህባት በምን ትቆይልህ? ከዚያ ኅዳር ላይ ጎረቤትህ ባዶ ቀፎ ታቅፎ ሲተክዝ «አይዞህ» ልትለው ትሄዳለህ። ገዳዩ ለቅሶ ደረሰ!

ጤፍህ ንብ ኖረች አልኖረች ግድ የለውም፤ የራሱን ሰርግ ራሱ ይደግሳል። በእሱ ተማምነህ ከሆነ ግን ወጥህን በምን ዘይት ልትሠራ ነው? ኑግህ ንብ ትፈልጋለች። ዱባህ ንብ ትፈልጋለች። ባቄላህም ንብ ስትጎበኘው ይበልጥ ያፈራል። ሀገሪቱ ለንብ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳለች፤ እ.ኤ.አ. የ2009ኙ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 660። «ለንብ ደግሞ አዋጅ!» ብለህ አትሳቅ፤ ለአንተ ከወጡልህ አዋጆች ስንቱን አነበብክ?

«እንግዲያ ክሽክሹ ይብላኝ ነው የምትለው?»

አይብላህ። አበባው ከመፍካቱ በፊት ወይም ከረገፈ በኋላ ርጭ። የግድ በአበባው ሰሞን ከሆነብህም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲያ ርጭ። ነፋስ ካለ ተወው፤ ወደ ኑጉ ይወስደዋል። ቀፎ ላለው ጎረቤትህ ደግሞ ከዋዜማው ንገረው፤ ጠዋት የቀፎውን በር ከድኖ ያቆይ።